የቦይ ውኃ በዘይት ቀለም፤ ከሴን ዳርቻ እስከ ቆቦ ሜዳ

ወሎ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ የሚታወቀው በውኃው ሳይሆን ውኃ በማጣቱ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ከወሎ አውራጃዎች መካከል ክፉኛ ከተጐዱት አንዱ የራያና ቆቦ አውራጃ ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በኦክቶበር 1973 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ያን እልቂት ለዓለም ገለጠ፤ በተከታዩ ዓመትም ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሀቡን ሰለባዎች የሚያሳየውን የዘይት ቀለም ሥዕላቸውን ሠሩ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከቆቦ በስተ ሰሜን በዐቀበቱ ራስ ላይ ካለችው ከኮረም የተነሡት የቴሌቪዥን ምስሎች ደግሞ የብዙ አገር ሕዝብ አስለቀሱ። ከዚያ ወዲህ «ወሎ» ሲባል በሠዓሊውም ሆነ በተመልካቹ ፊት ድቅን የሚለው የተሰነጠቀ መሬት፣ የከሳ ገላ፣ በዱላ የተደገፈ ሽማግሌ ነው።

ምስሉ ሐሰት አይደለም፤ ስለ ሣለውም ሊወቀስ የሚገባው ሠዓሊ የለም። በዚያ ዘመን ዝም ያለ ብሩሽ ይበልጥ ይወቀስ ነበር። ነገር ግን ምስሉ ግማሽ ነው። የራያ ቆቦ ሜዳ በስተ ምዕራብ ከ3000 ሜትር በላይ በሚወጡ ተራሮች፣ በስተ ምሥራቅ በዞብል ተራራ የታጠረ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ለም ስፍራ ነው። በሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ የማይታመን ቢሆንም ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ውኃንም አፈርንም ይዞ ይመጣል። ገበሬውም ይህን ጎርፍ ከሆርማት፣ ከጎሊናና ከሌሎቹ ወንዞች እየጠለፈ በቦይ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ማሳ ሲመራ ኖሯል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ታሪክ የድርቅ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ውኃን የመምራት ታሪክም ነው። ታዲያ ይህኛው ታሪክ በሸራ ላይ የረሀቡን ያህል ሊታወቅ ያልቻለው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ስለ ቆቦ ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ የዘይት ቀለምና ከደጅ ወጥቶ የመሣል ልማድ ወደ አገራችን በምን መንገድ እንደ ገባ የሚጠይቅም ነው።

ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የሥዕል ስልት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የአትክልት ስፍራን፣ በኩሬ ላይ የተንሳፈፈ አበባን፣ ጃንጥላ የያዘችን ወይዘሮ ነው። ስልቱ የምቾት ስልት፣ ሠዓሊዎቹም ከዓለም ችግር ዐይናቸውን የመለሱ ሰዎች ተደርገው መቈጠራቸው ከዚህ የመጣ ነው። የቦይ ሥዕሎቻቸውን በጥንቃቄ የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም። አልፍሬድ ሲስሌ በ1870 እ.ኤ.አ. የሴን ማርታንን ቦይ የሚያሳይ ሥዕል በፓሪስ ይፋዊ ዐውደ ርእይ አቀረበ። የሴን ማርታን ቦይ የተፈጥሮ ወንዝ አይደለም፤ ናፖሊዮን በ1802 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትእዛዝ መሠረት ለከተማው ሕዝብ ውኃ እንዲያመጣና ጀልባ እንዲያመላልስ በሰው እጅ ተቈፍሮ በ1825 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የሕዝብ ሥራ ነው። ሲስሌ የሣለው የሥራ ውኃን ነበር፤ ጭነት የሚጠብቁ ጀልባዎችን፣ የድንጋይ ዳርቻን፣ የደመና ብርሃን የሰባበረው የውኃ ገጽን።

በዚያው ዓመት የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ተነሣ። ክሎድ ሞኔና ካሚል ፒሳሮ ወደ ለንደን ሸሹ። ሞኔ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1871 እ.ኤ.አ. ክረምት ዛንዳም በምትባል የሆላንድ ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጦ ቦዮቿን፣ ነፋስ ወፍጮዎቿንና በውኃ ዳር የተደረደሩትን ባለ ቀለም ቤቶቿን ወደ 25 በሚጠጉ ሸራዎች ላይ ሣለ። ቀጥሎም በሴን ወንዝ ዳር ባለችው በአርዣንቴይ ሰፈረ። እዚያ ሲደርስ የከተማይቱ ድልድይ በጦርነቱ ፈርሶ በእንጨት ተደግፎ ይጠገን ነበር፤ ሞኔም በ1872 እ.ኤ.አ. ያን የጥገና እንጨት ከውኃ ነጸብራቁ ጋር ሣለው። ዛሬ ያን ሥዕል የሚያይ ሰው ጸጥታውን እንጂ ጦርነቱን አያይም። ጸጥታው ግን ከጦርነት በኋላ የመጣ፣ በመዶሻና በመጋዝ የተገኘ ጸጥታ ነው።

ለቆቦ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ሥራ አለ። በ1876 እ.ኤ.አ. የሴን ወንዝ ሞልቶ ፖርማርሊ የምትባለውን መንደር ባጥለቀለቀ ጊዜ ሲስሌ ሸራውን ይዞ ወጣ። በተከታታይ በሣላቸው ሥዕሎች ውስጥ የሚጮኽ ሰው የለም፤ የሚፈርስ ቤትም የለም። የወይን ጠጅ ነጋዴው ቤት በውኃ መካከል ቆሟል፤ ዛፎቹ ከግንዳቸው ጀምሮ በውኃው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ሰዎች በጀልባ ይመላለሳሉ፤ ሰማዩ ከፍ ብሎ ተከፍቷል። ጎርፍን እንደ መዓት ሳይሆን እንደ ብርሃን መመልከት የቻለ ሰው ሥራ ነው። በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ስለ ጎርፍ ከተሠሩት ሁሉ እነዚህን የሚያህሉ ጥቂቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ ሰዎች ከደጅ ወጥተው ሊሠሩ የቻሉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ትንሽ የሚመስል የቆርቆሮ ነገር ነው። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ በለንደን ይኖር የነበረ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1841 እ.ኤ.አ. የቀለም ቱቦን ፈለሰፈ። ከዚያ በፊት ሠዓሊው ቀለሙን በቤቱ እየፈጨ በዘይት ለውሶ በከብት ፊኛ ውስጥ ቋጥሮ ያስቀምጥ ነበር፤ አንዴ ከተወጋም ቶሎ ይደርቅበታል። ቱቦው ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በከረጢት ተይዞ ወንዝ ዳር ይወረዳል። ሁለተኛው እውቀት ነው። ሚሼል ኦዤን ሼቭረል የተባለው ኬሚስት በአንድ የምንጣፍና የጌጥ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም ነከራ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ አስተዋለና በ1839 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ብርቱካናማ ከሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም ይነዳሉ፤ ጥላም ጥቁር ሳይሆን የብርሃኑ ተቃራኒ ቀለም ያለው ሆኖ ይታያል። ሠዓሊዎቹ ከዚህ ተነሥተው ጥቁርን ከገበታቸው አስወጡ፤ ውኃውንም በአንድ ወጥ ሰማያዊ ከመቀባት ይልቅ በአጫጭር አግድም ምቶች፣ እርጥቡን በእርጥቡ ላይ እያሳረፉ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ በአንድ ቁጭታ መሥራትን ለመዱ። «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው ስም በኤፕሪል 1874 እ.ኤ.አ. በፎቶግራፍ አንሺው በናዳር የቀድሞ ቤት ባደረጉት ዐውደ ርእይ ጊዜ ሉዊ ለሯ የተባለ ሐያሲ ለማላገጥ የሰጣቸው መሆኑ የታወቀ ነው።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው የሥዕል ልማድ የራሱ ጥልቅ ሥርዐት ነበረው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ውኃን አልሣለም ማለት አይቻልም። ጌታ ሲጠመቅ ባሕረ ዮርዳኖስ አለ፤ ፈርዖን ሲሰጥም ባሕረ ኤርትራ አለ። ነገር ግን ያ ውኃ በዐይን የታየ ሳይሆን በመጽሐፍ የታወቀ ውኃ ነው። ሞገዱ በመስመር ይቀረጻል፤ ብርሃን ከየትም አቅጣጫ አይመጣበትም፤ የቆመው ሰው ጥላ አይጥልበትም። ይህ ጉድለት አልነበረም፤ የዘላለምን ነገር የሚሥል ሰው የሰዓቱ ብርሃን አያስፈልገውም። ከደጅ ወጥቶ የሚያልፈውን ብርሃን መሣል ሲመጣ ግን አዲስ ዐይን ጠየቀ፤ ያም ዐይን በአንድ ትውልድ የሚለመድ አልሆነም።

በዘመናዊ የሥዕል ትምህርት ፈር ከቀደዱት አንዱ የሆኑት አገኘሁ እንግዳ ከ1926 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረዋል። እሳቸው ፓሪስ በገቡበት ዓመት መጨረሻ ሞኔ ሞተ፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትልልቆቹ የውኃ አበባ ሥዕሎቹ በኦራንዠሪ አዳራሽ ለሕዝብ ተከፈቱ። የሴን ማርታን ቦይም እንደ ቀድሞው ይፈስ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን አገሪቱ ከሠዓሊዋ የምትፈልገው የመልክ ሥዕልን፣ የታሪክ ሥዕልንና የአደባባይ ጌጥን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። ለመስክ ሥዕል የሚሆን ጊዜም ገበያም አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም በ1949 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተማሩ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ተመለሱ። የቺካጎው ተቋም ትምህርት ቤትና ቤተ መዘክር በአንድነት የያዘ ነው። በቤተ መዘክሩ ውስጥ ፖተር ፓልመር ከሚባል ቤተሰብ በ1922 እ.ኤ.አ. የተበረከቱ የሞኔ ሥዕሎች ነበሩ፤ የነዶ ክምር ሥዕሎቹም ሳይቀሩ። የሠለጠነ ዐይን ያለው የሰላሌ ልጅ የስንዴ ክምር በማለዳ፣ በቀትርና በምሽት እንዴት ሌላ ሌላ ነገር እንደሚሆን በሸራ ላይ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአገሩ ክምርን የሚያውቀው ከአውድማ ነውና። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእሳቸው የልፋት ፍሬ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የዘይት ቀለም፣ የሰው አካል ጥናትና የመልክዐ ምድር ሥዕል በመደበኛ ትምህርትነት ተሰጡ።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሥዕሉ ዓለም ከኢምፕሬሽኒዝም አልፎ ሄዶ ነበር። በኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በትምህርት ቤቱ ማስተማር ሲጀምሩ ይዘውት የመጡት ከመልክ የተላቀቀውን ረቂቅ ሥዕል ነበር። ለወጣቱ ሠዓሊ በወንዝ ዳር ተቀምጦ ነጸብራቅ መልቀም ያለፈ ዘመን ሥራ ሆኖ ታየው። አውሮፓ ከኢምፕሬሽኒዝም ወደ ረቂቅ ሥዕል ለመድረስ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ወስዶበታል፤ የኛ ሠዓልያን ግን ያን መንገድ በአንድ እርምጃ ዘለሉት። በዝላዩ መካከል ከቀረው ነገር አንዱ አገርን በየሰዓቱ ብርሃን የመመርመር ልማድ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም አያሌ ተማሪዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱ። እዚያ በበጋ መስክ ወጥቶ ከተፈጥሮ ፈጣን የዘይት ጥናት መሥራት ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነበርና ልማዱ በዚህ በር ደግሞ ገባ። ሆኖም አገር ቤት የሚጠበቀው የመፈክር፣ የትግልና የድል ሥዕል ስለ ነበር የመስኩ ጥናት ለትልቁ ሥዕል ማዘጋጃ እንጂ በራሱ ሥራ ተደርጎ አልተቈጠረም።

የዚህ ትውልድ አባል የሆኑት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በ1953 እ.ኤ.አ. በወልድያ የተወለዱ ናቸው። ወልድያ ከቆቦ በስተ ደቡብ የ50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ኋላም በሌኒንግራድ ተምረው ተመልሰው ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። ሥራቸው ይልቁንም በገበያ ቆመው ጥቃቅን ሸቀጥ በሚሸጡ ሴቶች ይታወቃል። ረዣዥምና ቀጥ ያሉ ሴቶች በተቈራረጠ የቀለም ሜዳ ፊት እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። የወሎ ሴት እዚህ የረሀብ ሰለባ አይደለችም፤ ሠርታ አዳሪ ናት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሰውየው ከተረጂነት ወጥቷል፤ መሬቱ ግን አሁንም ከሰው ጀርባ ያለ የቀለም ሜዳ ነው፤ በራሱ ስምና በራሱ ሰዓት ገና አልተጠራም።

አንድ ሠዓሊ ከሮቢት እስከ ቆቦ ባለው ሜዳ ላይ የሸራ ማቆሚያውን ቢተክል ምን ያገኛል? በመጀመሪያ የሚያገኘው ጥሩ ንድፍ ነው። የቆቦ ገበሬ ጎርፉን የሚጠልፈው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመዝጋት አይደለም፤ እንዲህ ቢያደርግ የመጀመሪያው ደራሽ ጠርጎ ይወስድበታል። ከአንድ ዳር ጀምሮ አፈር፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ እየቆለለ ወደ ጎርፉ መንገድ አግድሞሽ የሚገባ፣ ቀስ እያለ የሚታጠፍና እየወፈረ የሚሄድ ክትር ይሠራል። ውኃው በክትሩ ተመርቶ ወደ ዋናው ቦይ ይገባል፤ ከዋናው ወደ ቅርንጫፍ ቦዮች፣ ከእነዚያም ወደ ማሳ ይከፋፈላል። ማከፋፈያው የአፈር ክምር ነው፤ ተራው ሲደርስ ይናዳል፣ ሲያልፍ ይደፈናል። ተራውን የሚጠብቅና ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ የውኃ አባት አለ። ለሠዓሊ ዐይን ይህ ሁሉ የመስመር ሥራ ነው። የክትሩ ጠመዝማዛ የተመልካቹን ዐይን ከፊት ለፊት ይዞ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ ቅርንጫፎቹ እንደ መዳፍ ይዘረጋሉ፤ ከማሽላው በላይ ያለው የወፍ ጠባቂ ማማ ቀጥ ያለውን መስመር ይሰጣል። የሆላንድ ቦይ በገመድ ተለክቶ የተቈፈረ በመሆኑ ሠዓሊውን ቀጥታ መስመር ያስቸግረዋል፤ ይህኛው ግን በውኃው ጠባይ የተቈፈረ ነው።

ቀጥሎ የሚያገኘው ችግር ነው፤ ይኸውም ፀሐይ። ኢምፕሬሽኒስቶች የሠሩት በዘቅዛቃ ብርሃን ነበር። በፓሪስ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከ65 ዲግሪ አታልፍም፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከ18 ዲግሪ በታች ናት። ቆቦ በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አጠገብ በመሆኗ የቀትር ፀሐይ ዝቅ ባለችበት በታኅሣሥ ወር እንኳ 54 ዲግሪ ያህል ትቆማለች፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ በአናት ላይ ታልፋለች። በዚያን ሰዓት ግራር ጥላውን በእግሩ ሥር ይሰበስባል፤ ቀለማት ሁሉ ይነጣሉ። ከአውሮፓ መጽሐፍ የተማረ ሠዓሊ ሰማያዊ ጥላ ሲፈልግ ጥላ የሚባል ነገር ያጣል። ስለዚህ የቆቦ የሥዕል ሰዓት የገበሬው የሥራ ሰዓት ነው፤ ማለዳና ምሽት።

የውኃው ጠባይም ከመጽሐፉ ይለያል። የአርዣንቴይ ወንዝ ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ሰማዩን እንዳለ ይመልሳል። የቆቦ ቦይ ጠባብ ነው፤ ከአፋፉ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱት ነጸብራቁ ይጠፋና የጭቃው ቀለም ብቻ ይቀራል። ሠዓሊው ወርዶ ዐይኑን ወደ ውኃው ገጽ ዝቅ ካላደረገ ሰማዩን አያገኘውም። ሌላም ነገር አለ። በጠራ ውኃ ላይ ጥላ አያርፍም፤ ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚታየው። በደፈረሰ ውኃ ላይ ግን ሁለቱም ይታያሉ፤ ግራሩ ተገልብጦ ወደ ተመልካቹ ይወርዳል፣ ጥላው ደግሞ በፀሐይ ተቃራኒ ቦዩን አቋርጦ ይተኛል። ሁለቱን አደባልቆ የሣለ ሰው ውኃው ውኃ አይመስልለትም።

የቀለሙ ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ነው። ሞኔ በ1905 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ የሚጠቀምባቸውን ቀለማት ዘርዝሯል፤ የእርሳስ ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ቬርሚሊዮን ቀይ፣ ጠቆር ያለ ማደር ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊና ኤመራልድ አረንጓዴ። በዝርዝሩ ውስጥ አንድም የአፈር ቀለም የለም። የቆቦ የነሐሴ ውኃ ግን ራሱ አፈር ነው፤ የተራራውን ግማሽ ተሸክሞ የሚወርድ ቡናማ ነው። ኦከርና ሲየና ከቱቦ ጨምቆ በነጭ ማቅለል የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ውጤቱም የሞተ ግድግዳ ይሆናል። መፍትሔው በዚያው በሞኔ ገበታ ውስጥ አለ። ቬርሚሊዮኑን ከኮባልቱ ጋር አዋህዶ በጥቂት ቢጫ ሲያሞቁት ቡናማ ይወለዳል፤ ያም ቡናማ በውስጡ ሰማያዊና ቀይ ስላለበት ከጎኑ ያረፈውን የሰማይ ምት አይገፋም። ጭቃን ከብርሃን ቀለማት መሥራት ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኦከር ቢጨመር ሥልቱን አፈረሰ የሚል ካለ ሥልቱን ከሃይማኖት የቈጠረ ነው። ቀለሙን የሚለውሰው ዘይት የተልባ ዘይት መሆኑን ደግሞ የወሎ ሰው ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም፤ ተልባን እሱ የሚያውቀው በጾም ወራት ማባያነቱ ነውና። በቆላው ሙቀት ይህ ዘይት ከደጋው ፈጥኖ ይደርቃል፤ የሜዳው አቧራም እርጥብ ሸራ ላይ ማረፍ ይወዳል። ስለዚህ ሸራው ትንሽ፣ ሥራውም አንድ ቁጭታ እንዲሆን አየሩ ራሱ ያስገድዳል።

ለድካሙ ግን ካሣ አለው። የምዕራቡ ተራራ ረጅም በመሆኑ ፀሐይ ከሜዳው ላይ ቀድማ ትሰወራለች፤ ዞብል ግን ገና ትበራለች። ሜዳው በሰማያዊ ጥላ ውስጥ ሲገባ የምሥራቁ ተራራ ብርቱካናማ ሆኖ ይቆያል። ቦዮቹ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሱ በመሆናቸው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በቦዩ ርዝመት የሚመለከት ሠዓሊ ያን የበራ ተራራና ሰማይ በውኃው ላይ ያገኛል። በጠቆረው ማሳ መካከል አንድ ቀጭን የእሳት መስመር ይታያል። ብርቱካናማና ሰማያዊ ጎን ለጎን፣ ሼቭረል በፋብሪካው እንዳስተዋለው፣ እዚህ ያለ ሠዓሊ ምክር ተቀምጠዋል።

ይህን መሣል ረሀቡን መካድ ይሆናልን? ጥያቄው በኛ ሙያ ውስጥ በተለያየ መልክ የሚነሣ ስለ ሆነ ሊታለፍ አይገባውም። ውበት የደኸየውን ሰው ችግር ይሸፍናል የሚሉ አሉ፤ እውነትም የሚሸፍን ውበት አለ። የቦይ ሥዕል ግን በባሕርዩ ስለ እጥረት የሚናገር ነው። ውኃ በተትረፈረፈበት አገር ተራ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የአፈር ክምር እየናደ የሚደፍንም የለም። በ1977 ዓ.ም. የተነሡት ምስሎች ዝናብ ሲቀር የሚሆነውን አሳዩ፤ ዝናብ ሲመጣ ገበሬው የሚያደርገውን ግን አላሳዩም። ተመልካቹም የዚያን አገር ሰው እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ አድርጎ አስቀረው። አካፋ ይዞ እኩለ ሌሊት ደራሽ ውኃ ለመጥለፍ የሚወጣን ሰው በዚህ መልክ ማስታወስ በራሱ በደል ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቆቦና አካባቢዋ ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆነው በከረሙ ጊዜም ወደ ውጭው ዓለም የሄደው ምስል የመከራ ብቻ ነበር። ሞኔ የሚጠገነውን የአርዣንቴይን ድልድይ የሣለበት ምክንያት በዚህ በኩል ሲታይ ይበልጥ ይገባል።

ጊዜውም የሚጠብቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ፕሮግራም አማካይነት ጥልቅ ጉድጓዶች እየተቈፈሩ ውኃው በሞተር ወጥቶ በቧንቧ ይሄዳል፤ ወደ ሽንኩርቱና ወደ ሌላው አትክልት ማሳ በጠብታና በርጭት ይደርሳል። ለገበሬው ይህ ከጎርፍ መጠበቅ የተሻለ ነው፤ ውኃ አይባክንበትም፤ በዓመት ሁለቴና ከዚያም በላይ ያመርትበታል። ለሠዓሊ ግን በቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ሰማይን አይመልስም። ማንም ገበሬ ለሠዓሊ ሲል ቦዩን ክፍት ይተው አይባልም፤ የፓሪስ ሰዎችም ከሴን ማርታን ቦይ ከፊሉን ከከተማቸው መንገድ በታች የቀበሩት ማንንም ሠዓሊ ሳያማክሩ ነው። የሲስሌ ሸራ ስላለ ግን ቦዩ በ1870 እ.ኤ.አ. በደመናማ ቀን ምን ይመስል እንደ ነበር ይታወቃል።

ሆርማትና ጎሊና አሁንም በክረምት ይሞላሉ። የጎርፍ ክትር በየዓመቱ ስለሚፈርስ በየዓመቱ ይሠራል። ሠዓሊው በሰኔ፣ ቦዩ ደርቆ ደለሉ በሚጠረግበት ወር ቢሄድ ቅርጹን በእርሳስ ያገኛል፤ ያን ጊዜ የሰው እጅ ሥራ ራቁቱን ይታያል፤ የወጣው ደለልም በሁለቱ ዳር ግራጫና ቡናማ ሆኖ ይቆለላል። በነሐሴ ተመልሶ ቢሄድ ደግሞ ውኃውን ያገኘዋል። ፀሐይዋ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ ብርሃኑ ከዞብል ግርጌ ጀምሮ ሽቅብ እየለቀቀ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቢጫ ከተራራው ጫፍ እስኪነሣ ድረስ አንድ ትንሽ ሸራ ለመሸፈን የሚበቃ ጊዜ አለ፤ ቀለሙ አስቀድሞ በገበታው ላይ ከተዘጋጀ።